ከተማዋ እራቷን የምትገዛበት መንገድ

የታይላንድ ሰው የምሽቱን ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በተለምዶው አነጋገር አንድ ብሎ ይጀምርና ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አምስት ይዘልቃል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው አቆጣጠር ከእኛ ይለያል፤ ወረቀትና ስልክ ላይም የሚጽፈው የፈረንጁን ሰዓት ነው። በአፉ ግን «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ቢል የሐበሻው ሁለት ሰዓትና የእሱ ሁለት ሰዓት አንድ ናቸው። ይህ ምዕራፍ ስለ እነዚያ አምስት የምሽት ሰዓታትና በእነሱ ውስጥ መንገድ ላይ ስለሚበላው እራት ነው።

ቦታው ቺያንግ ማይ ይሁን። ከባንኮክ በስተሰሜን 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ንጉሥ ማንግራይ በ1296 የላና መንግሥት መዲና አድርጎ የቆረቆራት ከተማ ናት (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሮጌው ከተማ በውኃ ቦይ የተከበበ አራት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። የድሮዎቹ በሮች ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ። ከእነዚህ በሮች ሁለቱ፣ ሰሜኑና ደቡቡ፣ ቀኑ ሲመሽ ወደ ምግብ ገበያነት ይለወጣሉ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጎን ተሽከርካሪ የተገጠመላቸው ሞተር ሳይክሎች ጋዝ ሲሊንደርና ድስት ጭነው ይደርሳሉ፤ ጋሪዎች ይደረደራሉ፣ የላስቲክ ወንበሮች ከመደራረባቸው ይፈታሉ፣ አምፖል ይበራል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ባዶ የነበረው የመንገድ ዳር ሽታው ከሩቅ የሚጠራ ይሆናል።

ተጓዥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊገባው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህ ገበያ የቆመው ለእሱ አይደለም። በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር በቀን ገበያ መዞር ቅጣት ነው፤ ሰው ከቤቱ መውጣት የሚወደው አየሩ ሲበርድ ነው። ሌላው ምክንያት ሥራ ነው። የታይላንድ ሴቶች በእስያ ከቤት ውጭ በብዛት ከሚሠሩት መካከል ናቸው። ባልና ሚስት ሁለቱም ከሥራ መሽቶባቸው ይመለሳሉ፤ ብዙ ወጣት ሠራተኛ የሚኖረው ደግሞ ማድቤት በሌለው አንድ ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ እራት የሚገዛው ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሻጯ ወጡን በአንድ ትንሽ ፌስታል፣ ሾርባውን በሌላ፣ ሩዙን በሦስተኛው ሞልታ፣ አየር አስገብታ እንደ ኳስ ወጥራ አፉን በላስቲክ ቀለበት ታስረዋለች። ጠብታ አይፈስም። ገዢዋ አራት አምስቱን ከሞተሯ መሪ ላይ ሰቅላ ትሄዳለች፤ ቤት ስትደርስ በሳህን ገልብጣ ከልጆቿ ጋር ትበላለች።

ይህን እንደ ስንፍና የሚያዩ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። አንዲት ሴት አንድ ዓይነት ወጥ ብቻ ለብዙ ዓመት ስትሠራ እጇ የሚደርስበት ደረጃ፣ ሁሉንም ለመሥራት የሚሞክር ማድቤት የሚደርስበት አይደለም። በአንድ ምድጃ ላይ ለሰማንያ ሰው መሥራትም በሰማንያ ቤት ሰማንያ ምድጃ ከማንደድ ይረክሳል። የዋጋው ማነስ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ ይሠራል፣ የቦታው ኪራይ ትንሽ ነው፣ ምግቡ በዚያው ምሽት ያልቃል። በታይላንድ ከሠራተኛው ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ከመደበኛው የቅጥር ዘርፍ ውጭ ሠርቶ የሚያድር ነው፤ የመንገድ ሻጮቹም ከዚያ ውስጥ ናቸው፣ ከእነሱ ገዝቶ የሚበላውም እንዲሁ።

የጎዳና ምግቡ ታሪክ በአብዛኛው ከቻይና ስደተኞች ጋር የተያያዘ ነው። ሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ በ1855 ከእንግሊዝ ጋር የቦውሪንግን ውል ፈርማ ለውጭ ንግድ በሯን ከከፈተች በኋላ የቻይና ሠራተኛ በብዛት ጎረፈ። ሚስቱን አገሩ ትቶ የመጣ ወንድ ሠራተኛ ምግብ የሚያበስልለት አልነበረውም፤ ወገኑ በትከሻው ዘንግ አጋድሞ በአንዱ ጫፍ ድስት፣ በሌላው ሳህን አንጠልጥሎ ይሸጥለት ነበር። ኑድሉም በዚያ ትከሻና በቦዮቹ ላይ በሚንሳፈፉት ጀልባዎች መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጠቅላይ ሚኒስትር ፕላክ ፒቡንሶንግክራም መንግሥት ሕዝቡ ኑድል እንዲበላና እንዲሸጥ ቀሰቀሰ። ዛሬ ዓለም የታይላንድ ብሔራዊ ምግብ አድርጎ የሚያውቀው የተጠበሰ ኑድል፣ ፓድ ታይ፣ የገነነው በዚያን ጊዜ ነው። አገሪቱ ሲያም የሚለውን ስም ትታ ታይላንድ የተባለችውም በ1939 በዚሁ ሰው አገዛዝ ነበር። እንግዲህ በመጥበሻው ላይ የሚንጫጫው ኑድል የመንግሥት ፖለቲካ ያለበት ምግብ ነው።

ከታሪኩ ወደ ገበያው፣ ወደ ሙቀጫው እንምጣ። በደቡቡ በር ገበያ ከሚሰሙት ድምፆች ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው የእንጨት ዘነዘና የሸክላ ሙቀጫን ሲመታ የሚሰጠው ድፍን ድምፅ ነው። የሚወቀጠው ሶም ታም ነው። ሻጯ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ትጥላለች፤ ቲማቲም፣ ረዣዥም ፎሶሊያ፣ ለውዝ፣ ደረቅ ሽሪምፕ፣ የዘንባባ ስኳር፣ ሎሚና ከጨው ጋር ወራት የቆየ የዓሣ ፈሳሽ ትጨምራለች፤ በመጨረሻ እንደ ክር የተከተፈ ያልበሰለ ፓፓያ ይገባል። የምትወቅጠው ለማድቀቅ አይደለም፤ በአንድ እጇ በዘነዘና ትመታለች፣ በሌላው በማንኪያ ታገላብጣለች፣ ፓፓያው ሳይላሽቅ ቅመሙን ይጠጣል። ከመጀመሯ በፊት ስንት ቃሪያ እንደምትጨምር ትጠይቃለች። በርበሬ ለምጃለሁ ብሎ «አምስት» የሚል ሐበሻ አለ፤ ምክሬ በአንድ ጀምሩ ነው። የእነሱ ቃሪያ ትንሽ፣ ያልደረቀና ጥሬ ነው፤ እንደ ወጣችን ዘይትና ረጅም ማብሰል አላለዘበውም። ቃሪያውም ፓፓያውም የእስያ ተክሎች አይደሉም። ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ ፖርቱጋሎች በ1511 የማላካን ወደብ ይዘው ከያኔው የሲያም መንግሥት፣ ከአዩታያ፣ ጋር በተገናኙበት 16ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ንግዱ ወደዚህ የዓለም ክፍል አደረሳቸው። የእኛ በርበሬም ዘሩ ከዚያው አህጉር ነው።

ሶም ታምን በዚያ አካባቢ የሚበሉት በተጣባቂ ሩዝ ነው። ካዎ ኒያዎ ይሉታል፤ የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ሰዎች ዋና እህል ነው። በቀርከሃ መሶብ ይቀርባል፤ በቀኝ እጅ ጣት ቆንጥሮ፣ ድቡልቡል አድርጎ፣ ወጥ እያስነኩ መብላት ነው። በእጁ የሚበላ ሕዝብ ልጅ እዚህ ላይ ማንም አያስተምረውም። አጠገቡ ሳይ ኡዋ የሚባለው የሰሜን ቋሊማ በከሰል ይጠበሳል፤ ጠጅ ሣር፣ እርድና የሎሚ ቅጠል የገባበት ነው፤ ግን በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው።

የብዙ ኢትዮጵያውያን ጭንቀት እዚህ ላይ ይነሣልና ጊዜ ወስጄ ላስረዳ። የታይላንድ ገበያ ውስጥ አሳማ በሁሉም ቦታ አለ፤ በእንጨት የተሰካው ጥብስ፣ የሾርባው አጥንት፣ አንዳንዴ የመጥበሻው ስብም እሱ ነው። አሳማ «ሙ» ይባላል፤ ዶሮ «ጋይ»። «ማይ ሳይ ሙ» ማለት አሳማ አታግቢ ማለት ነው፤ ሻጮቹ ጥያቄውን ለምደውታል። ሙስሊም ተጓዥ የሐላል ምልክት ያለበትን ጋሪ ይፈልግ፤ ቺያንግ ማይ ውስጥ ብዙ ነው። ከቻይናዋ ዩናን በበቅሎ ካራቫን ይመላለሱ የነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ከተማዋ ውስጥ ሰፍረዋል፤ ባን ሆ የሚባለው መስጊዳቸው ቻንግ ክላን ከሚባለው የምሽት ባዛር ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። በከተማዋ የገነነው ካዎ ሶይ፣ በኮኮናት ወተትና በእርድ የተሠራ የኑድል ወጥ ላዩ ላይ ጥርት ያለ የተጠበሰ ኑድል የሚነሰነስበት፣ ከእነሱ ጋር እንደመጣ በሰፊው ይታመናል። በዶሮ ወይም በበሬ ሥጋ ሲሠራ ደግሞ የአሳማ ጭንቀት የለበትም። በዚያች ከተማ አንድ ምግብ ብቻ ብሉ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ለጿሚ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ምልክት አለ። ቢጫ ባንዲራ ወይም ቢጫ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈች አንዲት አጭር ቃል ካያችሁ ምግቡ «ጄ» ነው ማለት ነው። ይህ ከቻይና ቡድሂስቶች የመጣ ሥርዓት ነው፤ ሥጋ የለውም፣ ዓሣ የለውም፣ እንቁላልና ወተት የለውም፣ የዓሣ ፈሳሽ እንኳ አይገባበትም። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርትም የተከለከሉ ስለሆኑ ከእኛ ጾም ይጠብቃል። በመስከረምና በጥቅምት መካከል በሚውለው የዘጠኝ ቀን በዓላቸው ወቅት ገበያው በቢጫ ባንዲራ ይሞላል፤ በሌላው ጊዜም አንድ ሁለት ጋሪ አይጠፋም። ተራ «አትክልት ብቻ» የሚለው ጥያቄ ግን አያስተማምንም፤ አትክልቱ በዓሣ ፈሳሽ ወይም በኦይስተር ሶስ ይጠበሳል።

ስለ ጤና የሚፈሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚፈሩት የማያስፈራውን ነው። እናንተ እያያችሁ በእሳት ላይ የተገላበጠ ምግብ፣ የአገሬው ሰው ከተሰለፈበት ጋሪ የተገዛ፣ ሆቴል ውስጥ ለሰዓታት ከቆመ ቡፌ ይሻላል። መሃሉ ቀዳዳ ያለው ክብ በረዶ በፋብሪካ የሚመረት ነው። ሊፈራ የሚገባው ጥሬ የወንዝ ዓሣ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በጥሬ ዓሣ የሚተላለፍ የጉበት ትል አለ፤ አካባቢው በሐሞት ቧንቧ ካንሰር በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ቦታዎች መካከል የሆነውም በዋናነት በእሱ ምክንያት ነው። ሶም ታምም ቢሆን ጥሬ ሸርጣንና ያልተቀቀለ የፈላ ዓሣ የሚገባበት ዓይነት አለው፤ እንግዳ ሰው በለውዝ የሚሠራውን ይዘዝ። ለውዝ የማይስማማው ሰው ግን ሲያዝ አስቀድሞ ይናገር። የተጠበሱት ፌንጣዎችና የሐር ትሎች የሰሜን ምሥራቁ ገበሬ የቆየ ምግብ ናቸው፤ ዛሬ በእርባታ ይመረታሉ። አልበላም ማለት ነውር አይደለም፤ ፊትን አጨማዶ ማሳየት ግን ነውር ነው።

ጠባይ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ አብዛኛው እኛ ያደግንበት ነው። ሻጭን በዝምድና ስም ይጠራሉ፤ ትንሽ የምትበልጣችሁን «ፒ» ማለት እኅቴ እንደማለት ነው፣ ጠና ያለችዋን «ፓ»፣ ሽማግሌውን «ሉንግ»። ወንድ ንግግሩን በ«ክራፕ»፣ ሴት በ«ካ» ትጨርሳለች፤ ያለዚህ የተነገረ ቃል ጨዋነት ይጎድለዋል። ድምፅ ከፍ አይደረግም። የምግብ ዋጋ አይከራከሩበትም፤ በልብስና በዕቃ ላይ ግን ፈገግ ብሎ ጥቂት መቀነስ ይቻላል። የሕፃን ራስ አይነካም፤ እኛ «እደግ» ብለን የምንዳብሰው ራስ በእነሱ ዘንድ የተከበረ አካል ነው። ገንዘብ ሲወድቅባችሁ በእግር ረግጣችሁ አታስቁሙ፤ ባት በሚባለው ገንዘባቸው ላይ ያለው የንጉሡ ምስል ነው፣ ንጉሥን መዝለፍም በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። አረንጓዴው 20 ባት፣ ሰማያዊው 50፣ ቀዩ 100፣ ሐምራዊው 500 ነው። አንድ ሺሕ ባት ይዞ የአርባ ባት ምግብ መግዛት ሻጯን ማስቸገር ስለሆነ ቀድማችሁ ሱቅ ውስጥ ዘርዝሩ። የአገሬው ሰው ከ2017 ወዲህ በስልኩ ኪውአር ኮድ እያነሣ ይከፍላል፤ እንግዳ ግን ጥሬ ገንዘብ ይያዝ። የታሸገ ነገር ስትገዙ ማብቂያው 2568 ወይም 2570 ቢል አትደንግጡ፤ የቡድሂስት ዘመናቸው ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል።

እሑድ ምሽት ሌላ ነው። ከምሥራቁ የታ ፔ በር ጀምሮ የራቻዳምነን መንገድ ለመኪና ይዘጋና ለእግረኛ ይለቀቃል። ቅዳሜ ደግሞ ከደቡቡ በር ማዶ ያለው የዉዋላይ መንገድ ተራው ነው፤ ያ ሠፈር የብር አንጥረኞች ነው፣ አንዳንዱ በገበያው መሃል ተቀምጦ ብር ሲቀጠቅጥ ይታያል። በእሑዱ ገበያ የቤተ መቅደሶቹ ግቢዎች ለምግብ ሻጮች ይከፈታሉ፤ ስቱፓ በሚባለው ወርቃማ የቤተ መቅደስ ማማ ሥር ሰው ኑድሉን ይበላል። ወደ ጸሎት አዳራሹ የሚገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ትከሻውን ይሸፍናል፤ ሴት ደግሞ መነኩሴን አትነካም። ዓይነ ስውራን ሙዚቀኞች በመንገዱ መሃል በአንድ መስመር ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ የሎተሪ አዟሪዎች የእንጨት ሳጥናቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ያልፋሉ፤ ሎተሪው በየፈረንጁ ወር አብዛኛውን ጊዜ በ1 እና በ16 ይወጣል። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ብሔራዊ መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ያ ሁሉ ሕዝብ በቆመበት ይቆማል፤ ማንኪያ ይወርዳል፣ ገንዘብ የያዘው እጅ ይረጋል። ባንዲራ ሲወጣ መንገድ ላይ ቆሞ ለማሳለፍ ላደገ ሰው ይህ ትእዛዝ አያስፈልገውም። ቁሙ፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ጫጫታው ካቆመበት ይቀጥላል።

በዚያው መንገድ የተራራ ሕዝቦች፣ አካ፣ ህሞንግ፣ ካረን፣ ጥልፋቸውን ይሸጣሉ። አንዳንዱ ጋሪ ቡና ያፈላል፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ እንዲቆም እፈልጋለሁ። እነዚያ ተራሮች በአንድ ዘመን የኦፒየም ማሳ ነበሩ። ንጉሥ ቡሚቦን በ1969 የጀመሩት የንጉሣዊ ፕሮጀክት ገበሬዎቹ ኦፒየሙን በሌላ ሰብል እንዲተኩ ሲሠራ ከተመረጡት ተክሎች አንዱ አረቢካ ቡና ነበር። ከኢትዮጵያ ደጋ ጫካ የወጣ ዘር በሌላ አህጉር የገበሬውን ከመርዝ መላቀቅ አግዟል። ከዚያ ጋሪ አንድ ስኒ መጠጣት ለእኛ ከማንም ተጓዥ የበለጠ ትርጉም አለው።

የእሑዱ መንገድ ቆንጆ ነው፤ ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋል፣ ገዢውም በብዛት እንግዳ ነው። የከተማዋን ሕይወት ማየት የሚፈልግ በሥራ ቀን ምሽት ወደ ደቡቡ በር ወይም ወደ ሰሜኑ በር ይሂድ። ከዚያም የተሻለ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ በባዶ ቦታዎች የሚቆሙትን የሠፈር ገበያዎች፣ ታላት ናት የሚባሉትን፣ ይፈልግ። ሻጮቹ ሰኞ አንዱ ሠፈር፣ ማክሰኞ ሌላው እያሉ ይዞራሉ፤ በየቀኑ የሚለዋወጥ ገበያ ያላት የገጠር ወረዳ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። እዚያ ልብስ፣ የድስት ክዳን፣ የስልክ ሽፋንና የትምህርት ቤት ካልሲ ከምግቡ ጎን ይሸጣል። አየሩ የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ የማሳና የጫካ ቃጠሎ ጭስ ሰሜኑን ስለሚሸፍነው ሳንባው የታመመ ሰው በዚያ ጊዜ ባይሄድ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ዋስትና የለውም። ከ2014ቱ የመንግሥት ግልበጣ በኋላ የባንኮክ ባለሥልጣናት የእግረኛ መንገድ ለማጽዳት በሚል ብዙ ሻጮችን ከቆዩበት ቦታ አንሥተዋል። በ2017 መጨረሻ ደግሞ የምግብ ቤቶችን ደረጃ የሚያወጣው የሚሽላን መመሪያ በባንኮክ እትሙ ጄይ ፋይ ለምትባለው የሸርጣን ኦምሌት ጠባሽ ኮከብ ሰጠ፤ በአንድ ከተማ አንዷ ስትሸለም ሌሎቹ ይነሡ ነበር። እኔ የእግረኛው መንገድ ጠባብ መሆኑን አልክድም፤ ሻጯ ስትነሣ ግን እራቷን የምታጣው ማድቤት የሌላት የፋብሪካ ሠራተኛ ናት።

ከአገራችን ብዙ ሰው ለሕክምናም ለንግድም ባንኮክ ይሄዳል፤ አስታማሚ ሆኖ ሳምንታትን የሚቆይም አለ፤ እራቱን ሆቴሉ ውስጥ በውድ እየበላ ወይም ከቤት በመጣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ እያለፈ። እባካችሁ ምሽት ላይ ውጡ። የት እንደሚበላ ስትጠይቁም እንግዳ ተቀባዩን ትታችሁ ክፍላችሁን የምታጸዳዋን ሴት ጠይቋት፤ እሷ ራሷ እራቷን የምትገዛበትን ቦታ ታሳያችኋለች።